እናት አባታችሁ ካናዳ ሊሄዱ ነው? የጤና መድኑን ወርሃዊ ሂሳብ አብረን እናንብበው

ሰሞኑን ከወልቂጤም ከቡታጅራም በኢንቦክስ ተመሳሳይ ጥያቄ እየደጋገመ እየመጣልኝ ነው። ልጅ ካናዳ ይኖራል፤ እናትና አባቱን በ"ሱፐር ቪዛ" ሊወስዳቸው ነው፤ የጤና መድን ገዝቶላቸው በየወሩ የሚከፈል ሂሳብ ያለበት ወረቀት በቴሌግራም ልኳል። "ዶክተር፣ ይሄ ምን ማለት ነው?" የሕክምና ጥያቄ አይመስልም አይደል? ግን ነው። ከጉዞው በፊት እኛ ክሊኒክ ውስጥ የምናደርገው አንዲት የመድኃኒት ለውጥ ያ ሁሉ የተከፈለበት መድን በሚያስፈልግበት ሰዓት እንዳይሠራ ልታደርግ ትችላለች። ትንሽ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

እኛ ጋ "መድን" ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን ነው። ቤተሰቡ በዓመት አንዴ መዋጮውን ይከፍላል፣ ደብተሩ ይታደሳል፣ ጤና ጣቢያ ይታከማል፣ ከከበደ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። ይሄ መድን ከኢትዮጵያ ውጭ የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም። የጉዞ ጤና መድን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፦ የሚሸፍነው ድንገተኛውን ነው። እማማ በረዶ ላይ አንሸራቷቸው ዳሌያቸው ቢሰበር፣ አባባ ድንገት ደረታቸውን ቢያማቸው ለዚያ ነው። የሁልጊዜ የግፊት መድኃኒት፣ የስኳር መለኪያ፣ "እስቲ እግረ መንገዴን ቼክአፕ ላድርግ" የሚባለው በአብዛኛው የለበትም። ስለዚህ መድኃኒታችሁን ከዚህ በበቂ መጠን ይዛችሁ ሂዱ።

ሱፐር ቪዛ ለወላጆችና ለአያቶች የተዘጋጀ ነው፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ጉዞ እስከ 5 ዓመት ያስቆያል። ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ቢያንስ ለ1 ዓመት የሚያገለግልና ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የጤና መድን ነው። ብዙ ይመስላል፤ ግን እዚያ አገር መድን የሌለው እንግዳ ሆስፒታል ቢተኛ ሂሳቡ በቀን በሺዎች ዶላር ነው የሚቆጠረው። (የአውሮፓው ሸንገን ቪዛ ደግሞ 30,000 ዩሮ ይጠይቃል፤ እሱ ለአጭር ጉዞ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል።)

አሁን ወደ ወረቀቱ። የሚላክላችሁ ሦስት ዓይነት ወረቀት ሊሆን ይችላል። አንዱ "ኮት" የሚሉት ነው፤ እኛ ፕሮፎርማ የምንለው። ዋጋ መንገሪያ እንጂ መድን አይደለም፣ ለቪዛውም ተቀባይነት የለውም። ሁለተኛው ኢንቮይስ፣ ማለትም የክፍያ መጠየቂያ፤ "ይህን ያህል ክፈል" ይላል፣ ተከፍሏል አይልም። ሦስተኛው ደረሰኙና የፖሊሲ ማረጋገጫው ነው። የካናዳ ኢሚግሬሽን ሙሉውን የተከፈለ፣ ወይም ቅድሚያ ተከፍሎ ቀሪው በየወሩ የሚከፈል መድን ይቀበላል። ወርሃዊው ሂሳብ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የዓመቱ አረቦን 1,800 ዶላር ነው እንበል። ለ12 ሲካፈል በወር 150 ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አንድ ላይ ይከፈላሉ፣ 300 ዶላር፤ ላዩ ላይ የማይመለስ የአገልግሎት ክፍያ ሊኖር ይችላል። ከዚያ 10 ጊዜ 150 ከልጁ ካርድ ላይ በራሱ ይቆረጣል። "ለምን መጀመሪያ ላይ በዛ?" ብላችሁ የጻፋችሁልኝ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው። ወርሃዊው በጣም ርካሽ ከሆነባችሁ ደግሞ "ዲዳክቲብል" የሚለውን መስመር እዩ። የመኪና መድን ያለው ሰው ኤክሰስ የሚለው ነው፤ ድርጅቱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት እናንተ ከኪሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ። እሱ 1,000 ዶላር ከሆነ አረቦኑ ይቀንሳል፣ ግን አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል የገባ ሰው መጀመሪያ 1,000ውን ይከፍላል። ልጃችሁ አውቆበት መርጦት ከሆነ ችግር የለውም።

አሁን ወደ እኔ ሥራ። ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ብዙዎቹ ፖሊሲዎች "ስቴብል" የሚል ቃል ያስገባሉ። ሕመሙ የሚሸፈነው መድኑ ከሚጀምርበት ቀን በፊት ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ 90 ወይም 180 ቀን፣ ሳይለዋወጥ ከቆየ ነው። አዲስ ምልክት፣ አዲስ መድኃኒት፣ ውጤቱ ያልደረሰ ምርመራ ለውጥ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። የመድኃኒት መጠን መጨመርም ለውጥ ነው፤ በብዙ ፖሊሲ መቀነስም እንደዚያው። አሁን አስቡት፦ አባባ በረራው ሁለት ሳምንት ሲቀረው "ከመሄዴ በፊት ልታይ" ብለው ይመጣሉ፤ ግፊታቸው ከፍ ብሏል፤ ሐኪሙ አምሎዲፒን ከ5 ወደ 10 ሚሊግራም ያሳድጋል። ትክክለኛ ሕክምና ነው። ግን እዚያ ሄደው ስትሮክ ቢመታቸው ድርጅቱ ከግፊቱ ጋር የተያያዘውን ሂሳብ አልከፍልም ሊል ይችላል፤ አረቦኑ በየወሩ ሳያቋርጥ የተከፈለ ቢሆንም።

መፍትሔው መድኃኒቱን አለመቀየር አይደለም። እባካችሁ እንደዚያ እንዳትረዱኝ፤ ከፍ ያለ ግፊት ይዞ አውሮፕላን ላይ መውጣት መድን የማይመልሰው ጣጣ አለው። ቼክአፑን አስቀድሙት። መስቀልን ከቤተሰብ ጋር አክብረው በኦክቶበር መጀመሪያ የሚሄዱ ከሆነ 180 ቀን ወደ ኋላ ሲቆጠር የመጋቢት መጨረሻ ላይ ይደርሳል። የካቲት ላይ ኑ፤ መስተካከል ያለበት ያኔ ይስተካከል። ከዚያ በኋላ ለውጥ ካስፈለገ ሕክምናው ይቅደም፤ ልጃችሁ ግን ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ያሳውቅ፤ ካስፈለገም የጉዞውን ቀን ግፉት። ሐኪማችሁንም የመድኃኒት ስም፣ መጠንና የተጀመረበት ቀን ያለበት ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ጠይቁ። (ለቪዛው የሚያስፈልገው የሕክምና ምርመራ ግን የካናዳ ኢሚግሬሽን በፈቀደላቸው ሐኪሞች ብቻ የሚሠራ ነው፤ እኔ ልሠራላችሁ አልችልም።)

መስቀልን ካነሳን አይቀር፣ "ከበዓሉ በኋላ ይሻላል" ብላችሁ በረራውን ስትገፉት የመድኑንም መጀመሪያ ቀን አስገፉ። ያለዚያ አባባ ገና ቡታጅራ ተቀምጠው ሂሳቡ መቁጠር ይጀምራል። ይሄ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ነው መጠየቅ ያለበት።

ዕድሜ ላይም ተጠንቀቁ። አረቦኑ የሚሰላው በዕድሜ ነው። ብዙ አዛውንቶቻችን የሆስፒታል ካርዳቸው ላይ ዕድሜያቸው በግምት ነው የሚጻፈው፤ ፓስፖርቱ 66 ሲል ካርዱ 75 የሚልበት አለ። አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ኢንቮይሱ፣ ፓስፖርቱና የሐኪም ደብዳቤው አንድ የልደት ቀን ይኑራቸው።

ክፍያው የሚቆረጠው ከልጁ ካርድ ስለሆነ ወላጅ ስለ ሂሳቡ ምንም ላያውቅ ይችላል። ካርዱ ጊዜው ቢያልፍ ወይም ቢቀየር ክፍያው ይመለሳል፣ ማስጠንቀቂያው በኢሜይል ይመጣል፣ ካልተከፈለ ፖሊሲው ሊቋረጥ ይችላል። በየወሩ የተከፈለበትን ስክሪንሾት በቤተሰብ ግሩፕ ላይ እንዲለጥፈው ንገሩት። የፖሊሲ ቁጥሩንና የድንገተኛ ስልኩን በወረቀት ጽፋችሁ እማማ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፤ ስልክ ባትሪ ይዘጋል። ሆስፒታል ሲገቡ ወዲያው ሊደወልበት ይገባል፤ ሳይደወል ቢቀር ክፍያው ሊቀነስ ይችላል።

"ቪዛው ቢከለከልስ?" ላላችሁኝ፦ ብዙዎቹ ድርጅቶች የእምቢታውን ደብዳቤ ሲያዩ አረቦኑን ይመልሳሉ። ቀድመው ቢመለሱም፣ ምንም ሳይታከሙበት ከሆነ፣ ያልተጠቀሙበትን ወራት ብዙ ጊዜ ይመልሳሉ። ከታከሙ ግን አንዳንዱ ውል የቀረውን የዓመት ክፍያ አንድ ላይ ይጠይቃል፤ ልጃችሁ ከመፈረሙ በፊት ይቺን መስመር ፈልጎ ያንብብ።