ልጆችን ይዞ አያቶችን ስለ መጠየቅ

ምንባብ፤ ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 18 ከቍጥር 1 እስከ 12።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ምዕራፍ ብዙ ሰዎች የሚያነቡት ከቍጥር 13 ጀምረው ነው፤ ይኸውም ዮቶር ስለ ዳኝነት ሥራ ለሙሴ የሰጠውን ምክር ለመማር ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ግን እንደ መግቢያ ቈጥረው ያልፉታል። ነገር ግን በዚያ የተጻፈው የአንድ ቤተ ሰብ መገናኘት ነው። ዮቶር ልጁን ሲፓራን፥ ሁለቱንም የልጅ ልጆቹን ጌርሳምንና አልዓዛርን ይዞ በምድረ በዳ ወደ ሰፈረው ወደ አማቹ ወደ ሙሴ መጣ። ዮቶር የምድያም ካህን ነው እንጂ ከእስራኤል ወገን አይደለም። ሙሴ ደግሞ በዚያን ጊዜ ሕዝብ ኹሉ የሚሰማው ታላቅ ሰው ነበረ። እርሱ ግን በድንኳኑ ተቀምጦ አልጠበቀውም፤ ሊቀበለው ወጣ፤ ሰገደለት፤ ሳመው፤ ደኅንነቱንም ጠየቀው። ልጆቹም በዚያ ነበሩ።

እንግዲህ ሙሴ የልጆቹን አያት ያከበረው በነገድና በአምልኮ አንድ መኾናቸውን መርምሮ አይደለም። አስቀድሞ አከበረ፤ ነገሩንም ዘግይቶ ተናገረ። በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነት፥ በሰርቦም ተወልደው በትምህርት ወይም በሥራ ምክንያት ወደ አዲስ አበባ የመጡ ወላጆች ኹሉ ይህን ምንባብ አጥብቀው ሊመለከቱት ይገባል። ልጆቻቸው በከተማ ይወለዳሉ፤ አያቶቻቸውን የሚያዩት ቢበዛ በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱም በወሊሶና በወልቂጤ አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርዶ እንደ ገና ይወጣል። በአንድ ቀን የሚደረስ ስለ ኾነ ርቀቱን ምክንያት ማድረግ አይቻልም። የሚያስቸግረው ከተደረሰ በኋላ ያለው ነው።

ስለ ጊዜው አስቀድመን እንናገር። ተማሪ ቤት የሚዘጋው በሐምሌና በነሐሴ ስለ ኾነ አብዛኛው ቤተ ሰብ የሚሄደው በክረምት ነው። በዚያ ወራት ግን ቡናው በዛፉ ላይ ገና አረንጓዴ ነው፤ ቀይ እሸቱ የሚለቀመው በጥቅምትና በኅዳር እስከ ታኅሣሥም ድረስ ነው። ስለዚህ እንግዶቹ የሚደርሱት የቡና ገበሬ ኪስ በሚሳሳበት ጊዜ ነው። አያት ግን ይህን አትናገርም፤ የተበደረችውንም ቢኾን ታቀርባለች። ከከተማ የመጣው ልጇ ለዐሥር ቀን በልቶ፥ ልጆቹንም አብልቶ፥ «እናቴ ደስ ብሏት ከረመች» ብሎ ይመለሳል። ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥4 ለወላጆች ብድራት መመለስን በልጆች ላይ ብቻ ሳይኾን በልጅ ልጆችም ላይ እንደ ጣለው እናስታውስ። ስኳሩን፥ ዘይቱን፥ ሳሙናውን ልጆቹ ራሳቸው ተሸክመው ለአያታቸው በእጃቸው ያስረክቡ። ገንዘቡ ግን በስውር ይሰጥ። «ለቤተ ክርስቲያን ስለ ሰጠሁ ተርፎኝ የለም» የሚል ቢኖር ጌታችን በማርቆስ ምዕራፍ 7 ስለ ቍርባን የተናገረውን ያንብብ።

ስለ ልጆች ጤና አጭር ነገር እንበል። በዚያ አገር ወባ አለና አጎበር ይያዝ፤ ከተመለሱም በኋላ ባሉት ሳምንታት ትኵሳት የያዘው ልጅ ቢኖር ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ተወስዶ የት እንደ ነበረ ይነገርለት።

ከዚህ የሚከብደው የቋንቋ ነገር ነው። ብዙዎቹ አያቶች የሚናገሩት ኦሮምኛ ነው፤ በከተማ ያደገው ልጅ ግን የሚያውቀው አማርኛና ከተማሪ ቤት ያገኘው ጥቂት እንግሊዝኛ ነው። አያት ትናገራለች፤ ልጁ ወደ አባቱ ይመለከታል፤ አባቱም ይተረጕማል። በሦስተኛው ቀን አባት መተርጐም ይሰለቸዋል፤ ልጁም ወደ ስልኩ ጨዋታ ይመለሳል፤ አሮጊቷም ዝም ትላለች። ይህ ዝምታ የማንም ክፋት አይደለም፤ ነገር ግን ከማንም ስድብ ይልቅ ያሳዝናል።

በዚህ ነገር አስቴር ጋኖን እናስብ። በልጅነቷ ከወገኖቿ ተለይታ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት ወደቀች። ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ስትወሰድ በ1886 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነፃ ወጣች፤ በምጥዋ አጠገብ በእምኩሉ ባለው የስዊድን ሚሲዮን ተማሪ ቤትም ገባች። በዚያም በልጅነቷ የሰማችውን ተረት፥ ምሳሌ፥ እንቈቅልሽና ዘፈን አምስት መቶ ያህል ከቃሏ ጻፈች። በ1894 የታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍም ከዚህ የተቀዳ ብዙ ነገር አለበት። በ1899 የመላው መጽሐፍ ቅዱስ የኦሮምኛ ትርጕም ሲታተም ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር የደከመች እርስዋ ናት። ባርነት ቤቷን ወሰደባት፤ በምድጃ ዳር የሰማችውን ቃል ግን ሊወስድባት አልቻለም። በእኛ ዘመን ያሉ ልጆች ግን ማንም ሳይማርካቸው፥ በአባትና በእናት ቸልተኝነት ብቻ፥ ያንኑ ቃል ያጣሉ።

ስለዚህ ጕዞው ከመደረጉ ከአንድ ወር በፊት በቤት ውስጥ ትምህርት ይጀመር። ልጁ አያቱን «አኮ» ብሎ መጥራትን፥ በማለዳ «አካም ቡልተን» ብሎ ሰላምታ መስጠትን፥ ሲሰጡት «ገለቶማ» ማለትን ይማር። እነዚህ ሦስት ቃላት ናቸው፤ አያት በሌላው ጊዜ የምትጨምርለት ግን ብዙ ነው። አባትም በየምሽቱ ከአያቱ አንድ ተረት ሰምቶ እንዲመለስ ልጁን ይዘዘው፤ ካልገባው ራሱ ይጠይቅ እንጂ አባቱ አይሩጥለት።

አሁን ከኹሉ ወደሚያስፈራው እንምጣ። በጅማ አገር የሚበዛው ሕዝብ እስልምናን የሚከተል ነው፤ እስከ 1932 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የገዛው ዳግማዊ አባ ጅፋርም በዚሁ ሃይማኖት ነበረ። በክርስቶስ ያመኑ ልጆች ወላጆቻቸው በቀድሞው ሃይማኖት እንዳሉ የቀሩላቸው ጥቂቶች አይደሉም። በአገራችን ልማድ ደግሞ ክርስቲያን የክርስቲያንን፥ ሙስሊምም የሙስሊምን ዕርድ ይበላል። እንግዲህ አያት በደስታ በግ ቢያርዱ ምን ይደረግ?

ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8ና 10፥ ደግሞም በሮሜ ምዕራፍ 14 ስለ ሥጋ የጻፈውን የሚያነብ ሰው ኅሊናው የፈቀደለትን ያድርግ፤ እኛ በዚህ ላይ ቀንበር አንጭንም። ነገር ግን የማይበላ ሰው በጉ ከታረደ በኋላ ፊቱን ማጥቈር አይገባውም፤ ከመሄዱ በፊት ለእናቱ በስልክ በትሕትና ይንገራት። ወተት፥ ዕንቍላል፥ ገንፎ፥ ማር፥ ብርዝም በዚያ ቤት አለ፤ በእነዚህ የሚከፋ እንግዳ የለም። የሚበላም የማይበላውን አያፊዝበት። ከኹሉ ይልቅ ግን፥ ልጅ በገበታ ላይ «ይህ የእኛ አይደለም፤ ርኩስ ነው» ብሎ እንዳይናገር ተጠንቀቁ። ልጅ በሰው ፊት የሚናገረው በቤቱ የሰማውን ነውና፥ ይህን ቃል አያት የምትሰማው ከልጅ ልጇ ሳይኾን ከገዛ ልጇ እንደ ኾነ ታውቃለች።

«እንዲህ አክብሬ ብመላለስ ሃይማኖቴን የካድሁ ይመስላቸዋል» የሚል አለ። ሙሴ አማቱን በመሳሙ የምድያም ካህን አልኾነም። በድንኳን ከተቀመጡ በኋላ እግዚአብሔር ያደረገለትን አንድ በአንድ ነገረው፤ ዮቶርም ደስ አለው። ማንም ማንንም አልተከራከረም። እናንተም ስትጠየቁ በየዋህነት መልሱ፤ የማታ ጸሎታችሁንም ሳትደብቁ፥ ለማሳየትም ሳትጮኹ አድርሱ። አያት ለሶላት ሲቆሙ ልጆች ጨዋታቸውን ይተዉ። ጕዞው በረመዳን ቢኾን ትልልቆቹ ቀን ቡና አፍሉልን አይበሉ።

ጥቃቅን የሚመስሉም አሉ። ጅማ በእንጨት በርጩማዋ የታወቀች ናት፤ የአያት በርጩማ ከኾነ ልጅ አይቀመጥበትም። አያት ሲመርቁ እንትፍ ይላሉ፤ ይህን የማያውቅ የከተማ ልጅ ፊቱን ይጠርጋል። በሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ሲያይ ይስቃል፤ በረከቱን ሲሰጥ የተጠረገበት ሽማግሌ ግን አይስቅም። ያዕቆብ በዘፍጥረት ምዕራፍ 48 እጁን በኤፍሬምና በምናሴ ራስ ላይ ሲያኖር ልጆቹን ወደ እርሱ ያቀረባቸው አባታቸው ዮሴፍ ነው፤ እናንተም አስቀድማችሁ ለልጆቻችሁ አስረዱና ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እንዲቀርቡ አድርጉ።

የመመለሻው ቀን ሲደርስ አያት ከጓዳ አንድ ከረጢት ጀንፈል ቡና ይዛ ትወጣለች። «እማዬ፥ ለራስሽ ይኹንሽ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ያዘነላት ይመስለዋል፤ እርስዋን ግን የምትሰጠው የሌላት ድኻ ያደርጋታል። ተቀበሉ፤ ከባድም ቢኾን በዐውቶቡሱ ላይ ጫኑት። አዲስ አበባ በገባችሁበት ምሽት ልጆቹ ሳይተኙ ስልክ ይደወል፤ የሚናገረውም አባት ሳይኾን በተማረው በጥቂቱ ቃል ልጁ ይኹን፤ ጊቤን በደኅና መሻገራችሁን እስክትሰማ ድረስ አያት መብራቷን አላጠፋችምና።