የወፍራም ልጅ ክብደትና የመድኃኒት ልክ

በአገራችን የፋፋ ልጅ ሲታይ «እደግ፣ ተመንደግ» ይባላል እንጂ ያሳስባል የሚል ሰው ብዙ አይገኝም። እኛም ነገሩን ማጥናት እስክንጀምር ድረስ በዚሁ ዐይን ነበር ያየነው። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ከ5 እስከ 19 ዓመት ዕድሜ ካላቸው መካከል 160 ሚሊዮን ያህሉ ከልክ ያለፈ ውፍረት እንዳለባቸው የዓለም የጤና ድርጅት አስታውቋል። የውፍረትን ጠንቅ ሌሎች ስለ ጻፉበት እንተወው። የምንመለከተው እንዲህ ያለው ልጅ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ የሚያገኘውን አደጋ ነው።

የልጆች መድኃኒት የሚሰፈረው በኪሎ ነው። ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ 15 ሚሊግራም ይሰጣል። እንግዲህ አንድ የ10 ዓመት ልጅ 80 ኪሎ ቢመዝን ስሌቱ 1200 ሚሊግራም ያደርሰናል፤ ይህም ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከሚፈቀደው ከ1000 ሚሊግራም ያልፋል። ስለዚህ ስሌቱ በአዋቂው ልክ ላይ መቆም አለበት።

ችግሩ ግን በዚህ አያበቃም። ጄንታማይሲን ወደ ስብ በብዛት ስለማይገባ፣ በሙሉ ክብደት ቢሰፈር በደም ውስጥ በዝቶ ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ዳያዜፓም ደግሞ በተቃራኒው ስብ ውስጥ ይከማቻል፤ ተደጋግሞ የተሰጠው ልጅ መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ድንዛዜው ቶሎ አይለቀውም። በሚዛኑ ክብደት ይሰፈር፣ ወይስ ለቁመቱ በሚገባው፣ ወይስ በሁለቱ መካከል? መልሱ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ አንድ ቀመር ለሁሉ ይበቃል ከሚል ሰው ጋር አንስማማም።

በድንገተኛ ጊዜ የልጁን ቁመት ለክቶ ክብደቱን የሚገምተው የብሮስሎ ሜትር፣ ውፍረትን ስለማያይ፣ የወፍራሙን ልጅ ክብደት አሳንሶ ይነግረናል። የደም ግፊት መለኪያውም በክንዱ ላይ ከጠበበ ግፊቱ ሳይጨምር የጨመረ ይመስላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ትንፋሽ ነው። ወፍራም ልጅ በጀርባው ሲተኛ ሆዱ ሳንባውን ይገፋል፤ ማደንዘዣ ሲሰጠውም በሳንባው ያለው ኦክሲጅን ቶሎ ያልቃል። በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሹ የሚቆራረጥበትም አለ፤ ወላጅ «ያንኮራፋል ወይ?» ተብሎ ሳይጠየቅ ልጁ ወደ ቀዶ ሕክምና መግባት የለበትም። ኮዴይን በጉበት ወደ ሞርፊን ይለወጣል፤ በአንዳንድ ሰው ለውጡ እጅግ ፈጣን በመሆኑ ትንፋሽን ያፍናል። በ2017 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ከ12 ዓመት በታች ላሉት ለሕመም ማስታገሻነት እንዳይሰጥ ከለከለ፤ ከ12 እስከ 18 ላሉ ወፍራም ልጆችም እንዳይሰጥ አስጠነቀቀ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ቁጥሩን በክፍሉ ሁሉ ፊት ጮክ ብሎ ማንበብ ልጁን ያሳፍራል፤ ያፈረ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ ሚዛን ላይ አይወጣም፣ መድኃኒቱም በግምት ይሰፈራል። ሚዛኑ ከመጋረጃ በስተጀርባ ይሁን፤ ቁጥሩም ከነቁመቱ በካርዱ ላይ ይጻፍ።