ከባሌስትራው በፊት

«ጋሼ፣ አይሱዙ ገዛሁ። ሃምሳ ኩንታል የምትጭነው ሰባ እንድትጭንልኝ ምን ላስጨምርባት?» ብለህ ከደጀን ስትደውል ስልኩ ይቆራረጥ ስለነበር «ቆይ፣ አትንካት» ከማለት በቀር ብዙም አልመለስኩልህም። እንኳን ደስ ያለህ ሳልልህ ስልኩ መዘጋቱም ቆጭቶኛል። እንኳን ደስ ያለህ! በእጅህ ያለችው ገንዘብ ትንሽ እንደሆነች አውቃለሁ፤ የምጽፍልህም በዚያችው ልክ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ጤፍ ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ፣ ሸቀጥ ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም ሳመላልስ ገሚሱን በገንዘቤ፣ ገሚሱን በድንጋጤ የተማርኩት ነው።

1. መጀመሪያ ምድር ሚዛን ላይ አውጣት።

ጋራዥ ከመግባትህ በፊት ባዶዋን መዝናት። ነዳጁ ሙሉ ይሁን፤ ረዳትህ ጎንህ ይቀመጥ፤ ትርፍ ጎማው፣ ሸራው፣ ገመዱ፣ ክሪኩ አይውረድ። ፊቷን ለብቻ፣ ኋላዋን ለብቻ፣ ከዚያ ሁለቱንም አንድ ላይ መዝነህ ሦስቱን ቁጥሮች ጻፍ፤ ሊብሬህ ላይ ካለው ጋር አስተያያቸው። ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ፋብሪካው የሚልከው ሻንሲና ጋቢና ነው፤ ካሶኒው የተሠራው እዚሁ፣ በየበያጁ እጅ ነው። በያጅ ደግሞ «ይጠንክር» ከተባለ ብረት አይሰስትም።

የእኔን ስገዛ ወለሉ ወፍራም ላሜራ ነበር። እሱ ሲበሳ ሳያነሱ በላዩ ሌላ ላሜራ ደርበውበታል። የበሰበሰውን አስነቅዬ፣ ማንም የማይደገፍበትን የጎን ብረት አስቆርጬ ስመዝናት አራት ኩንታል ቀንሳለች። ያንን አራት ኩንታል ዓመቱን ሙሉ ያለ ኪራይ ስጭን ኖሬያለሁ ማለት ነው። ለበያጁ ከከፈልኩት ሌላ ምንም ያላወጣሁበት ማሻሻያ ይህ ነበር፤ አንተም ከዚህ ጀምር።

2. ጎማው ላይ የተጻፈውን አንብብ።

ጎንበስ በልና የጎማውን ጎን በጨርቅ ጥረገው። 7.50R16 ከሚለው አጠገብ፣ በብዙዎቹ ላይ 122/118 የሚል ቁጥር ታገኛለህ። የመጀመሪያው ጎማው ለብቻው ሲገጠም፣ ሁለተኛው ተደርቦ ሲገጠም የሚችለውን ክብደት የሚነግር ምልክት ነው። 122 ማለት 1,500 ኪሎ፣ 118 ማለት 1,320 ኪሎ። የኋላዎቹ አራት ናቸው፤ ድምሩ 5,280 ኪሎ ነው።

አሁን ሰባ ኩንታልህን ጫንባት። ከሰባቱ ሺህ ኪሎ አብዛኛው የሚያርፈው ኋላ ላይ ነው፤ 6,000 ብለህ ያዘው። ባዶዋ ኋላዋ 1,500 ኪሎ ብትሆን ድምሩ 7,500 ይመጣል። ጎማዎቹ ከሚችሉት ከሃያ ኩንታል በላይ ትርፍ ነው። በዚሁ ስሌት ከሄድክ ሃምሳው ራሱ ጠርዙን እንዳለፈ ታያለህ። ስለዚህ ሰባውን ተወው። የምመክርህ ጎማዎቹ የሚችሉት ጭነት ሳይፈነዳ፣ ሳይግል፣ ገደል ሳያይ እንዲገባልህ ነው።

«ትልቅ ጎማ ልቀይር፣ 8.25» የሚሉህ አሉ። ከፍታው በ6 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሞተሩ ዳገት ላይ በዚያው ልክ ይደክማል፤ ፍሬኑም ማቆም ያለበት ረዘም ያለ ጎማ ይሆናል። ጉልበት ፈልገህ ጉልበት ትቀንሳለህ።

ንፋሱን ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ለካ። ለሙሉ ጭነት 7.7 ባር ገደማ ነው። ከተደረቡት የውስጠኛውን ብዙ ረዳት ዘሎ ያልፈዋል፤ ቫልቩ እጅ አይደርስበትማ። የውስጠኛው ከጎደለ ግን የውጪው የሁለቱን ሸክም ለብቻው ይዞ ይሄዳል፣ ይግላል፣ አባይ በረሃ መሀል ይፈነዳል። ጎሚስታው ረጅም የቫልቭ ማስቀጠያ እንዲገጥምልህ ጠይቀው፤ ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

3. ገንዘብህን ፍሬን ላይ አፍስስ።

አንድ መንገደኛ መሐንዲስ ጋቢና ተሳፍሮ ሲሄድ ደብተሬ ላይ አስልቶ ያሳየኝን ልንገርህ። ስምንት ቶን የምትመዝን መኪና ከደጀን ተነስታ አባይ ድልድይ እስክትደርስ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ትወርዳለች። ያ መውረድ ሙቀት ሆኖ የሆነ ቦታ መውጣት አለበት። ጥቂቱን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። ድምሩ ግን አንድ በርሜል ተኩል ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ እሳት ነው። አንተ የፍሬን መርገጫውን ብቻ ተማምነህ ከወረድክ ያ እሳት የሚነደው አራቱ ታምቡሮች ውስጥ ነው።

ከሁሉ አስቀድመህ የፍሬን ዘይቱን ቀይር። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በኋላ ነው፤ ውሃ ከጠጣ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ዶት 4 ሲያረጅም 155 ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይሞላል፤ ትረግጣለህ፣ እግርህ ወለሉን ይነካል፣ መኪናዋ ትሄዳለች። «ፍሬን በጠሰብኝ» ብሎ ከሚያወራው ሾፌር ስንቱ እውነት ቧንቧ እንደተበጠሰበት እግዜር ይወቅ። አንድ ጠርሙስ ዘይት ነው እኮ!

ከዚያ የፍሬን ሸራውን ተመልከት። አዲስ ሸራ ያረጀ ታምቡር ላይ አታስገጥም፤ ታምቡሩ ውስጡ ከተቦረቦረ ሸራው የሚነካው በከፊል ብቻ ነው። ተርኖ ቤት ወስደህ አስጠርገው። ጠርዙ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ልክ ካለፈ ግን አትከራከር፣ ጣለው። ቀጥሎ የፍሬን ማገዣውን አየር የሚስበውን ፓምፕ እይ፤ በብዙዎቹ አይሱዙዎች ላይ ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመው ነው። ሞተሩን አጥፍተህ መርገጫውን ደጋግመህ ርገጥ። ሲደነድን እግርህን ሳታነሳ ሞተሩን አስነሳ። መርገጫው ጥቂት ወደ ታች ካልሰመጠ ማገዣው አይሠራም፤ ሃምሳ ኩንታል በእግርህ ጡንቻ ልታቆም ነው።

ኤግዞስት ብሬኳ ብዙ ጊዜ ዝጋ ተይዛ ወይ ሽቦዋ ተቆርጦ ነው የምትገኘው። አሠራት። በወጣህበት ማርሽ ውረድ የሚለውን የድሮ ሾፌሮች ሕግ ከእሷ ጋር ካጣመርክ ድልድዩ ስትደርስ ታምቡሩ ላይ ምራቅ ብትጥል አይንቻቻም። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ነቅሎ የሚንሸራተት ሰው ካየህ አብረኸው ምሳ አትብላ፤ ነገ ሐዘን ላይ ትቀመጣለህ። ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ የሰየማት በቀለሟ አይደለም።

4. ባሌስትራ መጨመር ሸክም አይጨምርም።

ይህ ነው የአንተ ጥያቄ፤ እኔንም ያስቀጣኝ ይኸው ነው። መኪናዋን በገዛሁ በሁለተኛው ዓመት ኋላዋ እየተንበረከከ ሲያስቸግረኝ በየጎኑ ሁለት ሁለት ቅጠል ባሌስትራ አስጨመርኩ። ጭኜ ሳያት ቀጥ ብላ ቆመች። ደስ አለኝ፤ አምስት ኩንታል ደግሞ ጨመርኩባት። ከደጀን ወርጄ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን ስይዝ የፊቶቹ ጎማዎች ብቻ እየያዙ ኋላዋ ዝም ብላ ትገፋኛለች። በሁለተኛ ማርሽ፣ በእጅ ፍሬን፣ በመጨረሻም ወደ ተራራው ጎን አስጠግቼ ከድንጋዩ ጋር እያፋተግኩ አቆምኳት። ረዳቴ በሩን ከፍቶ ዘሎ ስለነበር ልፈልገው ወደ ኋላ ተመለስኩ፤ ቁጥቋጦ ሥር ቁጭ ብሎ ነጠላ ጫማውን ይፈልጋል።

በኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከሥር ገብቶ አሳየኝ። ከሻንሲው ተነስታ በቀጭን ዘንግ ከኋላ አክስል ጋር የተያያዘች ቫልቭ አለች። ሥራዋ ቀላል ነው፤ ሻንሲው ወደ አክስሉ ሲቀርብ «ተጭኗል» ብላ ለኋላ ፍሬን ብዙ ዘይት ትለቃለች፣ ሲርቅ «ባዶ ነው» ብላ ትቀንሳለች። እኔ ባሌስትራውን ሳደነድነው ሻንሲው አልወርድ አለ። ሃምሳ አምስት ኩንታል ጭኜ ለእሷ ባዶ ነበርኩ።

ሁሉም አይሱዙ ላይ ይህች ቫልቭ የለችም። ያንተ ላይ ካለች ባሌስትራ ስትነካ እሷንም የሚያስተካክል መካኒክ ፈልግ፤ «እሱን ነቅለነዋል፣ አያስፈልግም» የሚልህን ሸኘው። ጠቅላላው ነገር ይህ ነው፦ ባሌስትራ የሚነግርህ መኪናዋ እንደከበዳት ነው። ስትጨምርበት አፏን ለጎምካት እንጂ ሸክሙን አላቀለልክላትም። ጎማው፣ ኩሽኔታው፣ አክስሉ ያው የድሮዎቹ ናቸው። ኩሽኔታ ላይ የሚያርፈው ክብደት በሩብ ቢጨምር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

የተሰበረ ወይም ቀስቱ የሞተ ቅጠል ካለ ግን በትክክለኛው ቀይር። ማሰሪያ ቦልቶቹን አዲስ ግዛ፤ የመጀመሪያውን ጉዞ እንደጨረስክ ድጋሚ አስጠብቃቸው። አሞርዛተሩንም አብረህ እይ።

5. ሻንሲውን አታስበሳ።

የሻንሲው ላይኛውና ታችኛው ክንፍ ላይ ቀዳዳም ብየዳም አይነካም፤ ጉልበቱ ያለው እዚያ ነው። መግጠም ካለብህ ጎኑ ላይ በቦልት ግጠም። ከጋቢናው ኋላና የባሌስትራው መያዣ የተሰቀለበትን ቦታ በየወሩ ጠርገህ እይ፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ የዝገት መስመር ሆኖ ነው። ብየዳ ካለ ባትሪው ይፈታ።

6. ዳገቱ የራዲያተር ነው።

ከአባይ ሙቀት ተነስተህ እስከ ጎሐ ጽዮን ስትወጣ ሞተሩ እየደከመ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ከፍታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ ክፍት ድስት በ92 ዲግሪ ገደማ ይንተከተካል። ራዲያተርህ ከዚያ በላይ የሚታገሠው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ስፕሪንጉ ከደከመ ራዲያተርህ ድስት ሆነ ማለት ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ራዲያተር ካሳጠብኩ፣ የውሃ ፓምፑን ካስቀየርኩ በኋላ ነው ጥፋቱ ክዳኑ እንደሆነ የገባኝ።

«ቴርሞስታቱን አውጣው፣ ትቀዘቅዛለች» የሚል መካኒክም አይጠፋም። በብዙ ሞተሮች ላይ ሲወጣ ውሃው ራዲያተሩን ሳይጎበኝ በአቋራጭ ይመለሳል። አዲስ አስገባ።

7. ፖምፓውን ተወው።

ናፍጣ አስጨምሮ ጉልበት መፈለግ ጥቁር ጭስ ይሰጥሃል፤ ከዚያ የቀለጠ ፒስተን። አልጨምርበትም።

8. ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ምን ይገዛል፣ ምን አይገዛም።

የካሶኒ ማጠፊያ፣ የጋቢና በር፣ መብራት፣ መከላከያ፣ ቸርኬም ቢሆን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ እንደሌለው በደንብ ካየህ ያገለገለ ግዛ፤ አታፍር። ፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ጎማዎች፣ ማሰሪያ ቦልት፣ የመሪ ቦል ጆይንቶችና የፊት ጎማ ግን አዲስ። የፊት ጎማ ሲያረጅ ወደ ኋላ ይዞራል፤ የኋላው ወደ ፊት አይመጣም። ከተደረቡት ጎማዎች አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ ከሆነ አዲሱ ይሸከማል፣ አሮጌው ይፋቃል፤ ጥንዶቹን በመጠን አመሳስል።

9. ደላላው «አሥር ብቻ ጨምር» ሲልህ።

ይልሃል። «ሱሉልታ ሚዛን አይይዝህም» ይልሃል፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የመንገዱ ሚዛን የሚጠብቀው አስፋልቱን ነው፤ ለአስፋልቱ የተፈቀደው ያንተ አክስልና ፍሬን የሚችሉት ማለት አይደለም። የኢንሹራንስ ውልህንም አንብብ፤ ከሊብሬው በላይ ጭነህ ብትገለበጥ ምን እንደሚል እየው። የአንድ ጎማ ዋጋ ለአሥሩ ኩንታል በሚከፈልህ አካፍለውና ስንት ጉዞ እንደሚፈጅ ቁጠር። ዕቃው ሁልጊዜ ሰባ ኩንታል ከሆነ ደግሞ ከጓደኛህ ጋር ተጋግዛችሁ በሁለት መኪና ጫኑት፤ ሥራው ከበረታ እሷን ሸጠህ፣ ገንዘብ ጨምረህ፣ ተለቅ ያለውን አይሱዙ፣ ኤፍኤስአርን፣ ፈልግ። ትንሿን አይሱዙ ኤፍኤስአር ለማድረግ መሞከር ግን ከሁለቱም ውድ ነው።

ጭነቱን ስትደረድር ከባዱን ከታችና ከኋላ አክስሉ ጥቂት ወደ ፊት አድርገው። ኋላ ጫፍ ላይ ከቆለልከው መሪው ይቀልሃል፤ መታጠፊያው ላይ መሪው መቅለል የለበትም።

ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ መዝናትና ሦስቱን ቁጥሮች ላክልኝ። ከተቻለ ከሥር ገብተህ፣ ከኋላ አክስሉ በላይ ያቺ የፍሬን ቫልቭ ዘንግ መኖር አለመኖሯን እይልኝ፤ በስልክህ ፎቶ አንሳት።