የገዛ እጅ ፊርማ፦ ስለ ዲጂታል ስብስቦች ደኅንነት የተደረገ ምልልስ

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ኤንኤፍቲ የሚባለውን ነገር ቢያብራሩት መልካም ነው። ማንም ሰው ከኢንተርኔት አውርዶ ሊያስቀምጠው የሚችለውን ምስል በገንዘብ መግዛት ምን ትርጉም አለው?

አዛውንቱ፦ ኤንኤፍቲ በብሎክቼይን ላይ የሠፈረ፣ የራሱ መለያ ቁጥር ያለው ምልክት ነው፤ ብሎክቼይን የሚባለውም በብዙ ኮምፒውተሮች በአንድ ጊዜ የሚያዝ፣ አንድ ወገን ብቻውን ሊፍቀው የማይችል መዝገብ ነው። አንዱ ቢትኮይን በሌላው ቢለወጥ ልዩነት የለውም፤ ኤንኤፍቲ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ስለሚታወቅ አንዱ በሌላው አይተካም። ነገሩ ቤትንና የቤት ካርታን እንደ መለየት ነው፤ በደጅ ያለፈ ሁሉ ቤቱን ፎቶ ሊያነሣ ይችላል፣ ቤቱን መሸጥ የሚችለው ግን ካርታው በስሙ የወጣለት ሰው ነው። በመዝገቡ ላይ ባለይዞታ መሆን የሥዕሉን የቅጂ መብት በራሱ እንደማያስገኝ፣ ያም በሻጩ ውል እንደሚወሰን መታወቅ አለበት።

ወጣቱ፦ ዋጋውስ ያን ያህል የናረው በምን ምክንያት ነው?

አዛውንቱ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 ላርቫ ላብስ የተባለው ድርጅት ክሪፕቶፓንክስ የሚባሉ 10,000 የፊት ምስሎችን ኢቴሪየም በተባለው የብሎክቼይን መረብ ላይ አወጣ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃም ክሪፕቶኪቲስ የተባለው የድመቶች ጨዋታ ተጫዋቹ ከመብዛቱ የተነሣ መረቡን አጨናነቀው። በ2018 የቀረበው ኢአርሲ-721 የተባለው ደንብ ለእነዚህ ምልክቶች ወጥ አሠራር ካበጀላቸው በኋላ ገበያው ሰፋ፤ በማርች 2021 ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ቤት ቢፕል በሚል ስም የሚታወቀውን ሠዓሊ ሥራ በ69.3 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። የገበያውን ሌላ ገጽ የሚያሳየው ግን ከትዊተር መሥራቾች አንዱ የሆነው የጃክ ዶርሲ የመጀመሪያ የትዊተር መልእክት ነው፤ በ2021 2.9 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ይህ ኤንኤፍቲ በማግሥቱ ዓመት ዳግም ለጨረታ ሲቀርብ የተሰጠው ከፍተኛ ዋጋ 300 ዶላር አልሞላም። ዋጋው የሚቆመው በፈላጊ ብዛት ብቻ ስለሆነ፣ ፈላጊው የተበተነ ዕለት ከሥሩ የሚደግፈው ሌላ ነገር የለም።

ወጣቱ፦ መዝገቡ ሊፋቅ የማይችል ከሆነ ሌባው በየት በኩል ይገባል?

አዛውንቱ፦ ልጄ፣ ሌባው አብዛኛውን ጊዜ መዝገቡን ሳይነካ ባለንብረቱን ያስፈርመዋል። ዋሌት የሚባለው ፕሮግራም ምስሎቹን አይዝም፤ የሚይዘው ባለቤቱ በመዝገቡ ላይ ትእዛዝ የሚሰጥበትን ምስጢራዊ ቁልፍ ነው፣ በዚያ ቁልፍ የሚሰጥ ማረጋገጫም ፊርማ ይባላል። ከፊርማዎቹ አንዱ ዓይነት በአንድ ስብስብ ውስጥ ያለውን ንብረት ሁሉ ሌላ ወገን እንዲያንቀሳቅስ የሚፈቅድ ነው፤ ይህ ፈቃድ ለታወቀ ገበያ ሲሰጥ ሽያጭን ያቀላጥፋል፣ ለአጭበርባሪ ሲሰጥ ግን ስብስቡን በሙሉ ያስረክባል። በፌብሩዋሪ 2022 ኦፕንሲ በተባለው ገበያ የሚገለገሉ 17 ሰዎች በማታለያ መልእክት ተመርተው በመፈረማቸው ንብረታቸውን ተነጠቁ፤ በኤፕሪል ወር ደግሞ ቦርድ ኤፕ የተባለው የታወቀ ስብስብ የኢንስታግራም ገጽ ተጠልፎ፣ ነፃ ስጦታ የሚያስገኝ የሚመስል ሊንክ ተለጠፈበትና የተከተሉት ሰዎች ተዘረፉ። በጃንዋሪ 2023 የዘርፉ ታዋቂ ባለሀብት የሆነው ኬቪን ሮዝ በአንድ ተንኮለኛ ፊርማ ምክንያት ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ስብስብ አጥቷል፤ ከዚህ እንደሚታየው የረጅም ጊዜ ልምድም ቢሆን ለቅጽበት መዘናጋት ዋስትና አይሆንም።

ወጣቱ፦ ሲድ ፍሬዝ የሚባሉት ቃላትስ ከዚህ ጋር ምን አገናኛቸው?

አዛውንቱ፦ እነዚያ ብዙ ጊዜ 12 ወይም 24 የሆኑ፣ 2,048 ቃላት ካሉት ዝርዝር በዕጣ የሚወጡ ቃላት ናቸው፤ የምስጢራዊ ቁልፉ ምንጭ ስለሆኑም ያገኛቸው ሁሉ ዋሌቱን ያዝዛል። ስለዚህ በወረቀት ተጽፈው በተሰወረ ቦታ ይቀመጣሉ እንጂ በስልክ ፎቶ፣ በኢሜይልም ሆነ በቴሌግራም አይቀመጡም፤ የድጋፍ ሠራተኛ ነኝ እያለ የሚጠይቃቸው ሰው ያለ ጥርጥር ሌባ ነው። ቁልፉን ከኢንተርኔት ለይቶ የሚይዝ ሃርድዌር ዋሌት የሚባል መሣሪያም አለ፤ ይሁን እንጂ ባለቤቱ ራሱ የተሳሳተ ፊርማ ካጸደቀ መሣሪያው አያድነውም።

ወጣቱ፦ እንግዲያውስ ዓለሙን ማየት የሚወድ ሰው ከየት ይጀምር?

አዛውንቱ፦ ማየት ዋሌትም ገንዘብም አይጠይቅም፤ እንደ ኢተርስካን ባሉ ድረ ገጾች የአንድን ምልክት የዝውውር ታሪክ ማንም ሊመረምር ይችላል። መግዛት የፈለገ ሰው ሁለት ዋሌት ይክፈት፤ አንዱ ከማንኛውም ድረ ገጽ ጋር ሳይገናኝ ማከማቻ ይሁን፣ ሌላው ቢጠፋ የማያስቆጭ ጥቂት ገንዘብ የሚያዝበት መሞከሪያ ይሁን። በታወቀ ስብስብ ስም የሚወጡ ሐሰተኛ ቅጂዎች ስላሉ ስብስቡ በብሎክቼይኑ ላይ የሚታወቅበትን የውል አድራሻ ከባለቤቶቹ ድረ ገጽ ያመሳክር፤ ሳይጠበቅ ወደ ዋሌቱ የገባ ስጦታ ቢያይ የጠቆመውን ሊንክ አይንካ፤ ቀድሞ የሰጣቸውን ፈቃዶችም በየጊዜው ይሰርዝ። ምስሉ የተቀመጠበትንም ቦታ ይጠይቅ፤ ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ኩባንያ በኖቬምበር 2022 ሲከስር፣ ምስላቸው በኩባንያው ሰርቨር ላይ የነበረ ኤንኤፍቲዎች መዝገባቸው እያለ ማሳያቸው ጠፍቷልና።

ወጣቱ፦ በኢትዮጵያ የሚኖር ሰው በተለይ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ?

አዛውንቱ፦ አለ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው ማሳሰቢያ እንደ ቢትኮይን ያለውን ክሪፕቶ ለክፍያ መጠቀም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል፤ ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት በሥራ ላይ ያለውን መመሪያ ማጣራት ተገቢ ነው። በየትም አገር ቢሆን ደግሞ በብሎክቼይን ላይ የተፈጸመን ዝውውር የሚመልስ ባንክ የለም። ምን እንደሚፈቅድ ያልተረዱትን ጥያቄ፣ የቱንም ያህል ቢያጣድፉ፣ አለመፈረም ከሁሉ የሚቀድም ጥንቃቄ ነው።