ሃርድ ዲስኩ ቢሞት ፕሌይስቴሽኑ አይጣልም

በየሰፈሩ ጌም ቤት ከፍተው በጨዋታ ሒሳብ ለሚያስከፍሉ ሰዎች ፕሌይስቴሽን የዕለት ገቢ ማስገኛ ነው። ዕቃው በጨዋታ መካከል እየደረቀ ሲያስቸግር ወይም ጭራሽ አልነሳም ሲል ባለቤቱ ቶሎ የሚያስበው ሌላ መግዛትን ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2013 ለገበያ የቀረበው ፕሌይስቴሽን 4 ሃርድ ዲስኩን ባለቤቱ ራሱ እንዲቀይረው ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፣ ችግሩ የዲስክ ከሆነ ሥራው ከካቻቢቴ የዘለለ መሣሪያ አይጠይቅም።

ገበያ የሚወጣ ሰው መጠየቅ ያለበት ባለ 2.5 ኢንች የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ፣ መግጠሚያው ሳታ የሆነውን ነው። ውፍረቱ ከ9.5 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ባለ 4 እና ባለ 5 ቴራባይት የሆኑት 15 ሚሊ ሜትር ስለሚወፍሩ ከመያዣው ውስጥ አይገቡም፤ እስከ 2 ቴራባይት ግን ቀጭኑ ይገኛል። ማስመሪያ ይዞ መሄድ ነውር የለውም። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ለስንት ሰዓት እንደሠራ ዲስኩ ራሱ ስለሚመዘግብ፣ ሻጩ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ያሳይዎ። ኤስኤስዲ ቢገዙ ጌሙ ቶሎ ይከፈታል፤ ምስሉ ይጠራል የሚልዎትን ነጋዴ ግን አይመኑ።

አሮጌው ዲስክ የተመሰጠረው ለዚያው ማሽን ብቻ ነው። በመሆኑም ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ ሴቭ የተደረገውን መገልበጥ አይቻልም። ዲስኩ ማንገራገር እንደጀመረ፣ ሳይሞት በፊት፣ ከሴቲንግ ውስጥ ባክአፕ የሚለውን መርጦ በውጭ ዲስክ ወይም በፍላሽ ማስቀረት ይገባል። በአካውንት የተገዙ ጌሞች እንደገና ይወርዳሉ፤ ለኢንተርኔቱ መክፈል ግን አይቀርም።

መፍታቱ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሞዴል የላይኛው አንጸባራቂ ክዳን ወደ ጎን ተገፍቶ ይወጣል፤ አንድ ብሎን ተፈትቶ መያዣው ይሳባል፤ ዲስኩን የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ጣጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲሱ ዲስክ ባዶ ስለሆነ ሲስተሙ ከሶኒ ድረ ገጽ ወርዶ በፍላሽ ይጫናል። በዚያ ገጽ ሁለት ዓይነት ፋይል ሲኖር፣ ለባዶ ዲስክ የሚሆነው ትንሹ የማሻሻያ ፋይል ሳይሆን 1 ጊጋባይት ገደማ የሚሆነው ሙሉው ነው። ብዙ ሰው አዲሱ ዲስክ አልሠራም ብሎ ወደ ሻጩ የሚመለሰው ትንሹን አውርዶ ነው። ፍላሹ ከተሰካ በኋላ ማብሪያው ሁለተኛ ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ ተጭኖ ይያዛል፤ ጆይስቲኩ በገመድ ይገናኝና ሰባተኛው ምርጫ ይነካል።

ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ይህ አይሠራም። የራሱ ማኅደር ከቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ግን በጎኑ ባለው ክፍት ቦታ ኤም ዶት ቱ የሚባለውን ኤስኤስዲ መጨመር ይቻላል፤ ሲገዙ አራተኛው ትውልድ መሆኑንና ሙቀት ማስወገጃ ብረት ያለው መሆኑን ይጠይቁ።