ምክንያትና ውጤት፦ እንሰቱን ያጠወለገው ምንድን ነው?



የዛሬው የጥናት ርእሳችን «ምክንያትና ውጤት» የሚል ነው። ርእሱ የፈላስፎች ብቻ ቢመስልም ሁላችንም በየቀኑ የምንሠራበት ነው። ልጅ ሲያስለው «ብርድ መትቶት ነው» እንላለን፤ ላም ወተቷን ስትከለክል «ዓይን በልቷት ነው» የሚል አይጠፋም፤ ተማሪ በፈተና ሲወድቅ «መምህሩ ጠልቶት ነው» ይባላል። በነዚህ አነጋገሮች ሁሉ አንዱን ነገር የሌላው መንሥኤ አድርገን ፈርደናል። ፍርዳችን ትክክል ከሆነ መፍትሔውን እናገኛለን፤ ስሕተት ከሆነ ግን ችግሩ ይቀጥላል፤ ከዚያም አልፎ ያልበደለ ሰው ይወቀሳል። አባቶች «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት እንዲህ ላለው ነው።

እንግዲህ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና ከወልቂጤ እስከ ቡታጅራ በየጓሮው የምናየውን እንሰት ምሳሌ አድርገን እንማር። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1/ የችግሩ ሁኔታ

እንሰት ለጉራጌ ቤተሰብ ጎተራ ማለት ነው። ቆጮውም ቡላውም ከእርሱ ይገኛል። ተተክሎ ለምግብ እስኪደርስ ግን በርካታ ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ አንድ ጓሮ እንሰት ጠወለገ ማለት የብዙ ዓመት ድካም ጠፋ ማለት ነው። «አጠውልግ» የሚባለው በሽታ ሲገባ የመካከለኛው ቅጠል ቢጫ ይሆናል፤ ይታጠፋል፤ ግንዱ ሲቆረጥም ቢጫማ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወጣዋል።

አሁን እንዲህ እንበል። ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። አንደኛዋ ለደቦ ሥራ ወደ ሌላዋ ጓሮ መጣችና «እንሰትሽ እንዴት ያምራል!» ብላ አደነቀች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንሰቱ ጠወለገ። ባለቤቲቱም «እርሷ ካየችው በኋላ ነው፤ ዓይኗ ነው የበላው» አለች። ሰላምታ ተቋረጠ፤ ልጆቻቸውም እንዳይጫወቱ ተከለከሉ። ፍርዱ ትክክል ነውን? ይህን ለመመርመር ሊቃውንት የተናገሩትን በየተራ እንይ።

2/ አራቱ «ለምን»

የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል «ለምን?» የሚለው ጥያቄ አራት ዓይነት መልስ እንዳለው አስተማረ። አንድ የጎጆ ቤት እንውሰድ። ከምን ተሠራ? ከእንጨትና ከሣር። በምን መልክ? ምሶሶው በመካከል፣ ግድግዳው ዙሪያውን ሆኖ። ማን ሠራው? አናጢው። ለምን ዓላማ? ቤተሰብ እንዲኖርበት። ከዚህ የምንማረው ሁለት ሰዎች «ለምን» ብለው ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የተለያየ ጥያቄ እየጠየቁ መሆኑን ነው። ሣይንስ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምረው ሦስተኛውን፣ ማለትም ነገሩን ያስከተለውን አድራጊ ነው። የእኛም ጥያቄ ይኸው ነው፤ እንሰቱን ያጠወለገው ምንድን ነው?

3/ መከታተል ብቻውን አይበቃም

የስኮትላንዱ ዴቪድ ሂዩም በ1739 እና በ1748 ባወጣቸው መጻሕፍት አንድ ከባድ ጥያቄ አነሣ። አንዱ ነገር ሌላውን ሲያስከትል በዓይናችን የምናየው ምንድን ነው? ፊተኛው እንደሚቀድም፣ ኋለኛው እንደሚከተል፣ ይህም ደጋግሞ እንደሚሆን እናያለን። ሁለቱን የሚያስተሳስረውን ኃይል ግን አናየውም። «ስለዚህ የግድ ይከተላል» የሚለው ሐሳብ ከልማድ የመጣ ነው አለ።

ሆኖም ደጋግሞ መከታተል ብቻውን እንደሚያሳስት የራሳችን አገር ወቅት ያስተምረናል። አደይ አበባ በየዓመቱ ይፈነዳል፤ ከዚያም ደመራ ይለኮሳል፤ ከዚያም ዝናቡ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ ቅደም ተከተል በየዓመቱ ይደጋገማል። ነገር ግን ደመራው ዝናቡን አባረረው፣ ወይም አደይ አበባው ደመራውን አመጣው የሚል ሰው የለም። አበባው የሚፈነዳውም ዝናቡ የሚቀንሰውም ከወቅቱ መለወጥ የተነሣ ነው፤ በዓሉም የሚከበርበት ቀን በዚሁ ወቅት ላይ ይውላል። እንግዲህ ሁለት ነገሮች ተከታትለው ሲመጡ ከጀርባቸው ሁለቱንም የሚያመጣ ሦስተኛ ነገር ይኖር እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

4/ በልዩነት መመርመር

እንግሊዛዊው ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፍ መንሥኤን የምንፈልግባቸውን ዘዴዎች ዘረዘረ። ከነዚህ አንዱ የልዩነት ዘዴ ይባላል። በሌላው ሁሉ የሚመሳሰሉ፣ በአንድ ነገር ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሁኔታዎችን ማወዳደር ማለት ነው።

ወደ ጎረቤታሞቹ እንመለስ። በዚያ የደቦ ቀን ወደ ጓሮው የገቡት ጎረቤቲቱና ዓይኗ ብቻ አልነበሩም። ቢላዋዋም ገብቷል። ያ ቢላዋ ቀደም ብሎ በሌላ መንደር የታመመ እንሰት ቆርጦ ቢሆንስ? ስለዚህ ሁለቱን እንለያቸው። ጎረቤቲቱ ያለ ቢላዋ መጥታ ያደነቀቻቸው ጓሮዎች ታመሙን? ቢላዋውን ሌላ ሰው ተውሶ የወሰደባቸው ጓሮዎችስ? የፊተኞቹ ደኅና ሆነው የኋለኞቹ ከታመሙ ጥፋቱ የዓይን ሳይሆን የቢላዋ ነው። ልብ በሉ፤ ባለቤቲቱ «እርሷ ከመጣች በኋላ ነው» ስትል አልዋሸችም። ያየችው መከታተል እውነት ነበር፤ የተሳሳተችው ከመጡት ነገሮች መካከል መንሥኤውን ሳትለይ በመፍረዷ ነው።

5/ ጀርሙን ማግኘት

ይህ ግምት ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን እንሰት መርምረው አጠውልግን የሚያመጣው ባክቴሪያ መሆኑን አሳወቁ፤ ባክቴሪያውንም ዛንቶሞናስ ሙሳሴረም ብለው ሰየሙት። በ1974 ደግሞ ሙዝንም እንደሚያጠቃ ገለጹ። በሽታው ከሚተላለፍባቸው መንገዶች ዋነኛው የታመመውን ቆርጦ ሳይጸዳ ጤነኛውን የሚቆርጥ መሣሪያ ነው።

አንድ ጀርም የአንድ በሽታ መንሥኤ ነው ለማለት ሊቃውንት የሚጠቀሙበት መለኪያ፣ በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ጀርም ካስታወቀው ጀርመናዊ ከሮበርት ኮክ ጋር የተያያዘ ነው። ጀርሙ በበሽተኛው ውስጥ መገኘት አለበት፤ ተለይቶ ለብቻው መራባት አለበት፤ ወደ ጤነኛው ሲገባ ያንኑ በሽታ ማምጣት አለበት፤ ከአዲሱ በሽተኛም እንደገና መገኘት አለበት።

6/ «ባይሆን ኖሮ»

በ1973 አሜሪካዊው ፈላስፋ ዴቪድ ልዊስ ነገሩን በሌላ መንገድ አቀረበው። መንሥኤ ማለት እርሱ ባይኖር ኖሮ ውጤቱ የማይኖር ነው አለ። አማርኛችን ለዚህ የተመቸ ነው፤ «ቢላዋው ባይነካው ኖሮ ባልጠወለገ ነበር» እንላለን። ሐሳቡ ግን ችግር አለበት። ቢላዋው ባይነካውም የታመመ ሥር የበላ ፍልፈል በሽታውን ሊያመጣበት ይችል ነበር እንበል። ታዲያ ቢላዋው መንሥኤ አልነበረም ልንል ነው? አይደለም። ስለዚህ ፈላስፎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

«ባይሆን ኖሮ» የሚለውን በዓይን ለማየት ግን መንገድ አለ፤ እርሱም ራስን ጣልቃ አግብቶ ነገሩን መለወጥ ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ አጠገብ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠና ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ውሃ ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። አይቶ ብቻ «እንዶድ ነው» ብሎ አልፈረደም። ከላይኛው ውሃ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ወስዶ የእንዶድ አረፋ አስጨመረባቸው፤ ሞቱ። ሴቶቹ ብዙ ዘመን ሲያጥቡበት የኖረው እንዶድ በዚህ ምክንያት የዓለም ተመራማሪዎች መነጋገሪያ ሆነ።

7/ መንሥኤ ብቻውን አይቆምም

አንዱ በሌላው ላይ «ጀርም ነው ካላችሁ ለምን ሁሉም አልታመመም?» ብሎ ይከራከራል። ጥያቄው ጥሩ ነው። በ1965 ጆን ማኪ የተባለ ፈላስፋ ውጤት ብዙውን ጊዜ ከብዙ ሁኔታዎች መገጣጠም እንደሚመጣ አስረዳ። ክብሪት ቤትን ያቃጥላል፤ ነገር ግን ሣሩ ደረቅ ካልሆነ፣ የሚያጠፋም ሰው ካልጠፋ አይደለም። በእንሰትም እንዲሁ ነው፤ ማዚያ የተባለው ዓይነት አጠውልግን ከብዙዎቹ በተሻለ እንደሚቋቋም ታይቷል። ያው ባክቴሪያ በአንዱ ላይ ጥፋት ያመጣል፤ በሌላው ላይ ይደክማል። ይህ ደግሞ ለገበሬ ተስፋ ነው። ከሁኔታዎቹ አንዱን ማፍረስ ከቻልን ውጤቱን ማስቀረት እንችላለንና።

8/ መሞከር በማይቻልበት ጊዜ

በእንሰትና በቀንድ አውጣ ላይ መሞከር ይቻላል። በሕፃናት ሕይወት ላይ ግን አይቻልም። ሕፃናት ለምን ይሞታሉ የሚለውን እንዴት እናውቃለን?

ለዚህ መልስ ቡታጅራ ራሷ ምሳሌ ናት። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በቡታጅራ አካባቢ የጤና ጥናት ጀመረ። አንድ የከተማና ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎች ተመርጠው የሚወለደው፣ የሚሞተው፣ የሚመጣውና የሚሄደው ሁሉ በየቤቱ ይመዘገብ ጀመር። ተመራማሪዎቹ ከአምስት ዓመት በታች የሞቱትን ሕፃናት በሕይወት ካሉ ሕፃናት ጋር አወዳደሩ። የቤታቸው፣ የውሃቸውና የወላጆቻቸው ሁኔታ በምን ይለያል ብለው ጠየቁ።

ተመሳሳይ ዘዴ በእንግሊዝ አገር ስለ ሲጋራ ታላቅ ነገር ገልጦ ነበር። ዶልና ሂል በ1950 ባወጡት ጥናት የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው 649 ወንዶች መካከል የማያጨሱት 2 ብቻ ነበሩ፤ ሌላ በሽታ ከነበረባቸው 649 ወንዶች መካከል ግን 27 ነበሩ። ይኸው ብራድፎርድ ሂል በ1965 ለእንዲህ ዓይነት ፍርድ ዘጠኝ መመልከቻዎች አቀረበ። ግንኙነቱ ጠንካራ ነውን? በተለያየ ቦታ ተደግሞ ታይቷልን? መንሥኤው ከውጤቱ ይቀድማልን? መጠኑ ሲጨምር ጉዳቱም ይጨምራልን? ከሌላው ዕውቀት ጋር ይስማማልን? ሂል እነዚህን እንደ ማስረጃ ሚዛን እንጂ እንደማይሻር ሕግ አላያቸውም።

ማጠቃለያ

ወጣቶች ሆይ፤ ከዚህ ትምህርት አራት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ «ከዚያ በኋላ» ማለት «በዚያ ምክንያት» ማለት አይደለም። ሁለተኛ፣ የተጠረጠረውን ከሌላው ለይተን እናወዳድር። ሦስተኛ፣ ጉዳት በማያመጣበት ቦታ ራሳችን እንሞክር። አራተኛ፣ ውጤት ከብዙ ሁኔታዎች ሊመጣ እንደሚችል አንርሳ።

ጎረቤትን ማባረር ቢላዋውን አያጸዳውም። የታመመውን እንሰት ነቅሎ መቅበር፣ ቢላዋውንም ከጓሮ ወደ ጓሮ ሳይሻገር በእሳት መለብለብ ግን በሽታውን ይገታል፤ ጉርብትናንም ያድናል። ያልመረመርነውን መንሥኤ በሰው ላይ መለጠፍ በሐሰት ከመመስከር ብዙ አይርቅም። እንግዲያው ከመፍረዳችን በፊት እንመርምር።

ለመወያያ

ሀ/ በሰፈራችሁ «በዚህ ምክንያት ነው» ተብሎ የሚታመን አንድ ነገር ምረጡ። በልዩነት ዘዴ እንዴት ትመረምሩታላችሁ?

ለ/ ሁልጊዜ ተከታትለው የሚመጡ፣ ነገር ግን አንዱ የሌላው መንሥኤ ያልሆኑ ሁለት ነገሮችን ጥቀሱ። የጋራ መንሥኤያቸው ምንድን ነው?

ሐ/ ባለቤቲቱ እውነቱን ካወቀች በኋላ ለጎረቤቷ ምን ማድረግ ይገባታል?