ታብሌት ላይ "እዚህ ጋ ይፈርሙ" ስትባሉ

ዛሬ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ ፊርማ ነው የምጽፍላችሁ። በውስጥ መስመር ተደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ነው። ከኦፕራሲዮን በፊት ሲስተሯ ታብሌት ይዛ ትመጣለች፤ ስክሪኑ ላይ ነጭ ሳጥን ይታያል፤ "እዚህ ጋ ይፈርሙ" ይባላል፤ በጣት ይፈረማል፤ አለቀ። ታካሚው ምን ላይ እንደፈረመ ግን አላየም። ታዲያ ይሄ ፊርማ ይሠራል ወይ? ሐሳብ ብንቀይርስ? ቅጂ መጠየቅ ይቻላል ወይ?

እኔ የምሠራው አያት አካባቢ ነው። ከሲኤምሲ እስከ አያት አደባባይ፣ ከዚያም ወደ አርባ ዘጠኝና ወደ ጣፎ ባለው መስመር አዳዲስ ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች በየጊዜው ይከፈታሉ፤ ብዙዎቹም ገና ሲጀምሩ በኮምፒውተር ነው የሚጀምሩት። በመንግሥት ሆስፒታሎች በኩል ቀደም ሲል ስማርትኬር የሚባል ሲስተም ነበር፤ አሁን ደግሞ ባህምኒ የተባለው በተለያዩ ሆስፒታሎች እየገባ ነው። ካርድ ጠፋ ተብሎ ግማሽ ቀን ካርድ ክፍል በር ላይ ለቆመ ሰው ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው። ችግሩ የላብራቶሪው ውጤትና የመድኃኒት ማዘዣው ኮምፒውተር ውስጥ ከገቡ በኋላ የስምምነት ቅጹ (እኛ ኮንሰንት የምንለው) ብዙም ሳይታሰብበት መጨረሻ ላይ መለጠፉ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ፊርማ ራሱ ስምምነት አይደለም። ስምምነት ማለት ሐኪሙ ምን እንዳመማችሁ፣ ምን ሊያደርግ እንዳሰበ፣ ጥቅሙንም ሊያስከትል የሚችለውንም ጉዳት፣ ሌላ አማራጭ ካለ እሱን፣ ምንም ባይደረግ የሚመጣውንም በሚገባችሁ ቋንቋ ነግሯችሁ፣ እናንተም ጠይቃችሁ፣ በመጨረሻ "እሺ" ስትሉ ነው። ፊርማው ለዚያ ንግግር ምስክር ነው። ንግግሩ ሳይኖር የተፈረመ ፊርማ የሐሰት ምስክር ነው፤ በእስክርቢቶም ይሁን በጣት።

ይሄ የሐኪም ጨዋነት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕጋችን አንቀጽ 20 ማንም ሰው በማንኛውም ጊዜ ምርመራም ሆነ ሕክምና አልቀበልም የማለት መብት እንዳለው ይናገራል፤ በሕግ ግዴታ የሆኑ ምርመራዎችና ክትባቶች ሲቀሩ። ደንብ ቁጥር 299/2006ም ታካሚው በቂ መረጃ አግኝቶ ሳይስማማ ሕክምና እንዳይሰጠው ያዛል።

አሁን ነገሩ የሚከብድበትን ቦታ በምሳሌ ላሳያችሁ። አንዲት የ34 ዓመት ሴት ማዮማ አለባት እንበል። ገና ልጅ አልወለደችም፤ መውለድ ትፈልጋለች። የተነገራት "እጢው ብቻ ይወጣል፣ ማህፀንሽ ይቀራል" ነው። የስምምነት ቅጹ ውስጥ ግን ከታች በኩል "አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ማህፀንን ማውጣትን ጨምሮ" የሚል ሐረግ አለ። ይሄ ሐረግ ተንኮል አይደለም። የማዮማ ኦፕራሲዮን ደም የሚበዛበት ነው፤ አልፎ አልፎ ደሙ በምንም አልቆም ሲል ሕይወቷን ለማትረፍ ማህፀኑን ማውጣት ግድ ይሆናል። ቅጹ ላይ መጻፉ ትክክል ነው። ግን ይህቺ ሴት ይህን ሐረግ መስማት ያለባት ከቀዶ ሐኪሟ አፍ ነው፤ ተቀምጣ፣ ቢቻል ከአንድ ቀን በፊት፣ ስትሬቸር ላይ ከመተኛቷ በፊት።

ብትሰማ ምን ትጠይቅ ነበር? የደም ማነሴ ታክሟል ወይ? ደም ተዘጋጅቷል ወይ? ቤተሰብ ቀድሞ ደም ይለግስ ወይ? ደሙን ለመቀነስ ምን ዓይነት መድኃኒትና ዘዴ ትጠቀማላችሁ? ማህፀን ማውጣት ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ሌላ የምትሞክሩት ምንድን ነው? አንዳንዷ ይህን ሰምታ ትፈርማለች፤ አንዳንዷ ሌላ ሐኪም ላማክር ትላለች፤ አንዳንዷ ደግሞ ኦፕራሲዮኑን ታዘገየዋለች። ሦስቱም መብቷ ናቸው። በወረቀት ዘመን ቢያንስ እጇ የሚያርፍበት ቦታ ከጽሑፉ ሥር ነበር፤ ዓይኗ ሐረጉ ላይ የመውደቅ ዕድል ነበረው። ታብሌቱ ነጭ ሳጥን ብቻ ካሳያት ያ ዕድልም ተወሰደባት ማለት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምላችሁ ይህን ነው፦ ነጭ ሳጥን ብቻ ላይ አትፈርሙ። "ጽሑፉን ያሳዩኝ" በሉ። ነውር የለበትም። ነርሷ ብትቸኩልም አትፈሩ፤ ወደ ላይ ስክሮል ማድረግ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ቀጥሎ፣ የፈረማችሁት ነገር ወዴት ይሄዳል? ብዙ ቦታ ወረቀት ላይ ይፈረምና ስካን ተደርጎ መዝገባችሁ ውስጥ ይገባል። ባህምኒን የመሳሰሉ ሲስተሞች ስካን የተደረገ ሰነድ የሚያስቀምጡበት ቦታ አላቸው። አሮጌ መንገድ ይመስላል፤ እኔ ግን አልንቀውም፤ ጽሑፉና ፊርማው አንድ ገጽ ላይ ናቸውና። ሌላው ታብሌት ላይ በጣት ወይም በስታይለስ መፈረም ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ፊርማችሁ እንደ ተራ ፎቶ ነው ወይ የተቀመጠው የሚል ነው። ተራ ፎቶ ከሆነ ከአንዱ ፒዲኤፍ ተቆርጦ ሌላው ላይ መለጠፍ ይችላል። በደንብ የተሠራ ሲስተም ግን በፈረማችሁባት ቅጽበት ያነበባችሁትን ጽሑፍ ሙሉውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ያስረዳችሁን ሐኪም ስምና የምስክሩን ስም ከፊርማው ጋር አንድ ላይ ያሽጋል። ከጠቅላላው ሰነድ ተሰልቶ አንድ ረጅም ቁጥር ይወጣል፤ በኋላ አንድ ነጠላ ሰረዝ እንኳ ቢቀየር ቁጥሩ አይገጥምም። እንደታሸገ ፖስታ አስቡት፦ መክፈት ይቻላል፣ እንዳልተከፈተ ማስመሰል ግን አይቻልም።

ሕጋችንም ለዚህ ቦታ ሰጥቷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ፊርማ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል፤ የዲጂታል ሰርተፊኬቶቹ ሥር ደግሞ ኢንሳ ዘንድ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012ም በዚያው መንፈስ የወጣ ነው። ስለዚህ "በጣት የተፈረመ ዋጋ የለውም" የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። በሌላ በኩል ታብሌት ላይ የተጫረ ሁሉ ይጸድቃል ማለትም አይደለም። ክርክር ቢነሳ የሚጠየቀው ማን ፈረመ፣ ምን ላይ ፈረመ፣ ሰነዱስ ከዚያ በኋላ ተነክቷል ወይ የሚለው ነው። ይህን መመለስ የማይችል ሲስተም ታካሚውን ብቻ ሳይሆን ሐኪሙንም ያጋልጠዋል።

ፊርማም የሌለበት አሠራር አለ። ሠራተኛው ራሱ "ታካሚው ተስማምቷል" የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ያደርጋል። ለደም ናሙና የቃል ስምምነት ስለሚበቃ ችግር የለውም። ለኦፕራሲዮን ግን ይሄ የሠራተኛው ማስታወሻ እንጂ የእናንተ ፊርማ አይደለም።

አሁን ወደ እኛው ጠባይ ልምጣ። አገራችን ውስጥ ለታካሚው የሚፈርመው ብዙ ጊዜ አስታማሚው ነው። ለሚስት ባል፣ ለእናት ልጅ፣ ለአባት ወንድም። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ራሷን የምታውቅ፣ 18 ዓመት የሞላት ሴት ባለችበት ባልየው ቢፈርም የእሷ ስምምነት አልተገኘም። ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳሪ ይፈርማል። ራሱን ስቶ ለመጣና ደሙ እየፈሰሰ ላለ ሰው ደግሞ ሐኪም ፊርማ ፍለጋ አይቆምም፤ ሕይወት ማትረፍ ይቀድማል። ታብሌት ላይ የማየው ክፍተት ይሄ ነው፦ አንዳንዱ ሲስተም አንድ የፊርማ ቦታ ብቻ አለው፣ ከሥሩም "የታካሚ ፊርማ" ይላል። ልጅ ለእናቱ ሲፈርም የእሷ ሆኖ ይመዘገባል። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ስማችሁና ዝምድናችሁ እንዲጻፍ ጠይቁ።

ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወላጆቻችንስ? "አውራ ጣትዎን ያሳርፉ" ተብለው የታብሌቱን መስታወት ሲነኩ አይቻለሁ። የተራ ታብሌት መስታወት አሻራ አያነብም፤ የቀረው የጣት ወዝ ብቻ ነው። አሻራ የሚያነብ ለብቻው መሣሪያ ያስፈልጋል። ፋይዳ ካላቸው ማንነታቸውን በዚያ ማረጋገጥ ይቻል ይሆናል፤ ማንነት መረጋገጡ ግን ገብቷቸው ተስማምተዋል ማለት አይደለም። የፍትሐብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1728 በውል ጉዳይ ማንበብ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር ፊርማና አሻራ ሥልጣን ባለው ሰው ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ዋርድ ውስጥ ዳኛ አንጠራም፤ ግን የሕጉ ስጋት ገብቶን ቅጹን ጮክ ብሎ የሚያነብና ቀዶ ሐኪሙ ያልሆነ ምስክር ማቆም አያቅተንም። ከለገጣፎና ከዚያ ማዶ የሚመጡ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚናገሩ እናቶች አሉን፤ ለእነሱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቅጽ ማስፈረም ባዶ ሳጥን ከማስፈረም አይለይም። ታብሌት ወረቀትን የሚበልጠውም እዚህ ላይ ሊሆን ይችል ነበር፦ ጽሑፉን በቋንቋቸው፣ በድምፅም ጭምር ማሰማት ይችላል። ሲስተም የምትገዙ የሆስፒታል ባለቤቶች ይህን ካነበባችሁ ይህንኑ ጠይቁልን።

እንዳትሳሳቱ፣ እኔ የኤሌክትሮኒኩ ተቃዋሚ አይደለሁም። በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከሦስት ታካሚዎች የሁለቱ ገደማ የወረቀት ስምምነት ቅጽ በኦፕራሲዮኑ ሰዓት እንዳልተገኘና ሥራ እንዳዘገየ አሳይቷል። የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ለየሕክምናው የተዘጋጀ ማብራሪያ አሳይተው፣ ፊርማውን በፊርማ ፓድ ተቀብለው፣ ከመዝገቡ ጋር የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ከተጠቀሙ ዓመታት አልፈዋል። ማብራሪያው ይቀድማል፣ ፊርማው ይከተላል። እኛ ጋ ፓዱን ገዝተን ማብራሪያውን እንዳንተወው ነው ፍራቻዬ።

"ሲስተም የለም" ከተባለ ወይም መብራት ከጠፋ ወረቀት ይምጣ በሉ። ትርፍ አንጀት ኔትወርክ አይጠብቅም። "ፈርመዋል እንላለን፣ በኋላ ይሞላል" የሚለውን ግን አትቀበሉ።

ከፈረማችሁ በኋላ ቅጂ ጠይቁ፤ የታተመ ወይም ስልካችሁ ላይ የሚቀመጥ። የስክሪኑን ፎቶ ራሳችሁ ብታነሱም ጥሩ ነው። በሠራተኛ የግል ቴሌግራም እንዲላክላችሁ ግን አልመክርም፤ የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ልዩ ጥንቃቄ የሚደረግለት መረጃ ነው፣ በሰው ስልክ ላይ መቅረት የለበትም። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ ደግሞ ፈርሜያለሁና አለቀልኝ አትበሉ። ማደንዘዣ እስኪሰጣችሁ ድረስ "ይቅርብኝ" ማለት ትችላላችሁ፤ የፊተኛው ፊርማ አይሰረዝም፣ መተዋችሁ ግን ከነሰዓቱ መዝገቡ ላይ መጻፍ አለበት። ለሐኪሙ ንገሩት፤ ለጽዳት ሠራተኛዋ ወይም ለአስታማሚ ነግራችሁ ዝም አትበሉ።

የፈረማችሁበትን ቅጽ ቅጂ ጠይቃችሁ ምን እንደተባላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። የሆስፒታሉንም የሐኪሙንም ስም አትጥቀሱ።